የአስተርጓሚው «እኔ»

ስለሺን ለማታውቁት አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ሁለት ሰዎች ቆመው ሲነጋገሩ ካየ መሃል ገብቶ ካላስረዳ አያስችለውም። ሁለቱም አማርኛ ተናጋሪዎች ቢሆኑ እንኳ «ማለት የፈለገው…» ብሎ ይጀምራል። ቀን ቀን ዳውንታውን ዴንቨር ውስጥ በአንድ ሆቴል የፓርኪንግ ሱፐርቫይዘር ነው፤ የተረፈው ጊዜው ግን የሰው ነው። ሐኪም ቤት ቀጠሮ ያለው ሽማግሌ፣ የቅጣት ትኬት የተጻፈበት የታክሲ ሾፌር፣ የልጇ አስተማሪ የጠራቻት እናት፣ ሁሉም የሚደውሉት ለስለሺ ነው። እሱም ከሚኖርበት ከግሌንዴል ተነሥቶ እየነዳ ይመጣል። ሳንቲም አይቀበልም። «ስለሺ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር!» ሲባል ከሰማ ይበቃዋል፤ በዚያች ቃል ሳምንቱን ሙሉ ይከርማል።

እንግሊዝኛው ጥሩ ነው፤ ይህን አልነፍገውም። ችግሩ የማያውቀው ቃል ሲመጣበት ነው። «ይቅርታ፣ ይሄ ምን ማለት ነው?» ብሎ መጠየቅ ለእሱ በሰው ፊት ሱሪውን ከማውለቅ አይተናነስም። ስለዚህ ቃሉን ዘሎት ያልፋል፤ ወይም አጠገቡ ያገኘውን ሌላ ቃል አንሥቶ ይሰካበታል። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ማንም አልነቃበትም ነበር።

በፈረንጆቹ 2006 ዓ.ም.፣ በረዶው ቀልጦ ሣሩ ብቅ ብቅ ማለት ሲጀምር፣ ካረን የምትባል ሴት ስለሺ ወደሚያመልክበት ቸርች መጣች። ቸርቹ አውሮራ ከተማ ከፒዮሪያ ስትሪት ገባ ብሎ ያለ የወንጌላውያን አዳራሽ ነው። ከጎኑ አንድ ትልቅ የአፓርትመንት ኮምፕሌክስ አለ፤ አብዛኛው የቸርቹ ሰው የሚኖረው እዚያው ተከራይቶ ነው። ከኮምፕሌክሱ ጀርባ ደግሞ ክሪክ የሚሉት ትንሽ ወንዝ ይወርዳል። ይህን ያህል ውሃ አይደለም፤ የሰፈሩ ልጆች ዘለን እንሻገረዋለን እያሉ ይወድቁበታል። ካረን ይህን ክሪክ ከብክለት ለመጠበቅ የሰፈሩ ሰዎች ያቋቋሙት ማኅበር ሊቀመንበር ናት፤ ጡረታ የወጣች፣ ፀጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች፣ ስትናገር የምትቸኩል ሴት። «እዚህ ያለው ሰው ግማሹ አማርኛ ተናጋሪ ነው፤ እናንተ ካልገባችሁበት ክሪኩ አይድንም» ብላ ነው የመጣችው። እሑድ ከአምልኮ በኋላ ጊዜ ሰጧት። ማን ያስተርጉምላት ብሎ የጠየቀ የለም።

ካረን ካርታ ዘረጋች። ክሪኩ ወደ ፕላት ወንዝ፣ ፕላት ወደ ሚዙሪ፣ ሚዙሪ ወደ ሚሲሲፒ፣ ሚሲሲፒ ደግሞ ወደ ባሕር እንደሚገባ በጣቷ እየተከተለች አሳየች። እዚህ ፒዮሪያ ላይ የተደፋ ነገር ዞሮ ዞሮ የባሕሩ ዳርቻ ላይ ያለውን ዓሣ ያገኘዋል አለች። አዳራሹ ውስጥ ሳቅ ሳቅ ያለው ብዙ ነው፤ ባሕር በዞረበት በማይዞርበት ኮሎራዶ ተቀምጦ ስለ ባሕር መመከር! ያልሳቁት እማማ ጌጥነሽ ነበሩ።

እማማ ጌጥነሽ የልጃቸውን የውባየሁን ልጆች ሊያሳድጉ የመጡ አያት ናቸው። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ አሰብ ወደብ ላይ ክሬን ይነዱ ስለነበር የዕድሜያቸውን ጥሩውን ክፍል የኖሩት ባሕር ዳር ነው። ከተቀመጡበት ተነሡና «እኔ ዘይት የነካው የባሕር ወፍ በዓይኔ አይቻለሁ» አሉ። «ክንፉ ተጣብቆ፣ መብረር አቅቶት፣ አሸዋው ላይ ሲንፈራፈር። በል ስለሺ፣ ምን እናድርግ በልና ጠይቅልኝ። እኔ እሠራለሁ።»

ካረን ደስ ብሏት ወደ ዋናው ነገር ገባች። የወለል እጣቢም ሆነ በረኪና ወይም የተቃጠለ የሞተር ዘይት፣ ምንም ይሁን ምን ስቶርም ድሬን ውስጥ አይደፋ አለች። ስቶርም ድሬን ሳይጣራ በቀጥታ ክሪኩ ውስጥ ነው የሚገባው። እጣቢው ቤት ውስጥ ባለው ድሬን ይውረድ፤ እሱ ወደ ማጣሪያ ይሄዳል። ዘይቱን የመኪና መለዋወጫ የሚሸጡት ሱቆች ይቀበላሉ። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አወረደችው፤ ስቶርም ድሬን ምን እንደሆነ ግን አላብራራችም። እዚያ አገር ሕፃን የሚያውቀው ነገር ነዋ!

ስለሺ ስቶርም የሚለውን ቃል የሚያውቀው ማዕበል ብሎ ነው። የማዕበል ድሬን! የምን ማዕበል፣ አውሮራ መኪና ማቆሚያ ላይ? ድሬንን ግን ያውቀዋል፤ ድሬን ፍሳሽ ማስወገጃ ነው። ሴትዮዋ ስለ ሁለት ዓይነት ድሬን የምታወራ መሰለውና ቅር አለው። ሊጠይቃት ቀና ሲል አዳራሹ ሙሉ ሰው ዓይኑን እሱ ላይ ተክሏል። ያን ጊዜ ጥያቄውን ዋጠና አፉን ሞልቶ እንዲህ አለ፦

«እጣቢም ሆነ ዘይት ወደ ክሪኩ እንዳትደፉ። ክሪኩ ዳር አፈሩ ላይም አይደፋ። የሚደፋው በፍሳሽ ማስወገጃ ነው፤ ፍሳሽ ማስወገጃው ወደ ማጣሪያ ይወስደዋል።»

ጉዱ ያለው ቃሉ ውስጥ ነው። በአማርኛ ፍሳሽ ማስወገጃ ካልከው ስሙ ራሱ «ፍሳሽህን በዚህ አስወግድ» ይልሃል። እማማ ጌጥነሽ ግን ነገር አጣርተው የሚይዙ ሰው ናቸውና እንደገና ተነሡ።

«የትኛውን ነው ፍሳሽ ማስወገጃ የምትለው? መኪና ማቆሚያው ላይ ያለውን፣ ያን ባለ ፍርግርግ ብረቱን?»

«እሱን ነዋ፣ እማማ! ለዚሁ የተሠራ አይደል?» አለ ስለሺ፣ ወደ ካረን ዞር እንኳ ሳይል።

ካረን ምን እንደጠየቁ ለማወቅ ፈለገች። «በደንብ ገብቶናል ነው የሚሉት» አላት።

ከዚያ በኋላ ያ ሰፈር ክሪኩን እንዴት እንደወደደው ብነግራችሁ አታምኑኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጓንት እያጠለቁ ፌስታልና ጠርሙስ ይለቅማሉ። ካረን ለእማማ ጌጥነሽ የማኅበሩን አረንጓዴ ሰደርያ ሰጠቻቸው፤ ጀርባው ላይ «የክሪክ ጠባቂ» ተብሎ በእንግሊዝኛ ተጽፎበታል። እሳቸውም ሰደርያውን ከነጠላቸው ላይ ደርበው ኮምፕሌክሱን ይዞሩ ጀመር። የታክሲ ሾፌሮቹ ድሮ ዘይት ሲቀይሩ የተቃጠለውን ከአጥሩ ጀርባ አፈር ላይ ነበር የሚደፉት። እማማ ጌጥነሽ «አንተ! ባሕር ውስጥ ልትደፋው ነው?» እያሉ ይጮኹባቸዋል። እጃቸውን ይዘው ወደ ፍርግርጉ ያመጧቸዋል፤ ጠብታ ሳይቀር እስኪወርድ ቆመው ያያሉ። ወገባቸውን እያመማቸው የጎረቤት እጣቢ በባልዲ ተሸክመው እዚያው ይገለብጣሉ። አንዷ ጎረቤት «ሽንት ቤት ብደፋው ምን አለበት?» ብትላቸው፣ «ስለሺ እዚህ ድፉ ነው ያለው፤ ከሴትዮዋ አፍ ተቀብሎ የነገረን እሱ ነው» ብለው ባልዲውን ከእጇ ወሰዱ።

የስለሺም ስም ገነነ። የከተማው ምክር ቤት ስለ ክሪኩ የነዋሪዎችን አስተያየት ሲሰማ ከካረን ጋር አብሮ ቀረበ። ክራቫቱን አሥሮ፣ «የእኛ ሰዎች ለውሃው እንደ ልጃቸው ነው የሚሳሱለት» ብሎ ተናግሮ ተጨበጨበለት። እውነትም ይሳሱለት ነበር።

ሐምሌ ሲጋመስ ክሪኩ ታመመ። ውሃው ላይ ዘይት ተንጣለለ፤ ጣት የሚያህሉ ዓሣዎች ሆዳቸውን ገልብጠው ዳር ዳር ተገኙ። እማማ ጌጥነሽ አይተው አለቀሱ። ስለሺ በንዴት ጦፈ። «አንዱ ስግብግብ ካምፓኒ ነው! ከላይ ሆኖ የሚለቅብን!» አለና ከተማው ተቆጣጣሪ ልኮ ጥፋተኛውን እንዲያጋልጥ አቤቱታውን ያስገባው እሱው ራሱ ነው፣ በስሙ።

ተቆጣጣሪው ቅዳሜ ጠዋት መጣ። ስለሺ ሆቴሉ ጋራዥ ውስጥ ሥራ ላይ እያለ ካረን ደወለችለት። «ምንጩ ተገኝቷል። ኮምፕሌክሱ ውስጥ ነው። ጌጥነሽን ማነጋገር ስለፈለግን ድረስልን» አለችው። ድምፅዋ የወትሮው አልነበረም፤ እሱ ግን በደስታ አላስተዋለውም። ጋራዡን ለባልደረባው አስረክቦ በረረ።

ሲደርስ መኪና ማቆሚያው ላይ ካረን፣ የኮምፕሌክሱ ማናጀርና አንድ ረጅም ተቆጣጣሪ ፍርግርጉን ከበው ቆመዋል። እማማ ጌጥነሽ ሰደርያቸውን ለብሰው፣ አዲስ ነጠላ ለብሰው፣ ፊታቸው በርቶ ይጠብቁታል። ሰዎቹ የመጡት ሊያመሰግኗቸው መስሏቸዋል። ለምን አይመስላቸው? ያን ያህል የለፋ ሰው ሌላ ምን ይጠብቃል?

«ና፣ ና ልጄ፣ በሰዓቱ ደረስክ» አሉት።

ተቆጣጣሪው ክፉ ሰው አልነበረም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለስለሺ አስረዳው። እዚህ ስቶርም ድሬን ውስጥ ቀለም ብንጨምር ቀለሙ ክሪኩ ውስጥ ወጣ፤ በቀጥታ፣ ምንም ማጣሪያ የለውም። ለወራት ዘይትና በረኪና ሲደፋበት ነው የቆየው። እኚህ ሴት ሲደፉ ማናጀሩ አይቷል፤ ሌሎችንም ያስደፋሉ። የማኅበሩን ሰደርያ ለብሰው! «ማን እንዲህ አድርጊ እንዳላት ጠይቅልኝ» አለ።

ስለሺ ፍርግርጉን አየ። ስቶርም ድሬን። ማዕበል አይደለም ለካ፤ ዝናብ ነው፣ የዝናብ ውሃ መውረጃ። ያች በሚያዝያ የዘለላት አንዲት ቃል እዚህ እግሩ ስር አፏን ከፍታ አገኛት። ክው አለ። ከሁሉ የከበደው ደግሞ እማማ ጌጥነሽ ፊት ላይ ያለው ደስታ ነበር፤ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ቦታ አጣ።

«እማማ» አላቸው፣ «እዚህ እንዲደፉ ማን እንደነገረዎት ነው የሚጠይቁት።»

እማማ ጌጥነሽ ከት ብለው ሳቁ። «ምን ማለትህ ነው? አንተ ነሃ! ስለሺ ነው ያስተማረን በላቸው እንጂ! ምስጋናውን እኔ ብቻዬን ልወስደው ነው? ስምህን ጥራ፣ አትፈር።» ይህን ብለው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

«ምን አለች?» አለ ተቆጣጣሪው።

እዚህ ላይ ስለሺ እውነቱን ቢናገር ኖሮ ይህ ታሪክ እዚሁ ያበቃ ነበር። ሰውየው ይስቅ፣ ካረን ትቆጣ፣ በቃ። ግን ምክር ቤቱ ፊት የተጨበጨበለት ትዝ አለው። «ስለሺ ባይኖር» የሚለው ቃል ትዝ አለው። አፉ ከእሱ ቀድሞ ተናገረ።

«ትምህርቱ በደንብ አልገባኝም ነበር ነው የሚሉት። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ይረሳሉ። ይቅርታ አድርጉልኝ ይላሉ።»

ካረን ቅንድቧን ሰብሰብ አደረገች። «ስምህን የጠራች መሰለኝ።»

«አዎ፣ በእኔ በኩል ይቅርታ እንዲደርሳችሁ ነው የለመኑኝ» አለ። ዓይኑን በጨው ታጥቦ።

ተቆጣጣሪው ለዛሬ ማስጠንቀቂያ ይበቃል አለ። ማናጀሩ ግን ሰኞ ለልጃቸው ለውባየሁ ደብዳቤ እንደሚልክ፣ አሮጊቷ አንድ ጊዜ ከደገሙት ቤተሰቡ ኮምፕሌክሱን እንደሚለቅ ተናገረ። ካረን ደግሞ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ሰደርያውን መልሱልን አለች፤ ማኅበሩ ከዚህ በኋላ እሳቸውን ጠባቂ ብሎ ሊያቆም አይችልም።

«ሰደርያውን ነው የምትፈልገው?» አሉ እማማ ጌጥነሽ፣ የካረንን እጅ አይተው። «ሊቀይሩልኝ ነው?»

«አዎ፣ እማማ» አለ ስለሺ። «አዲስ ሊሰጡዎት ነው።»

እማማ ጌጥነሽ ሰደርያውን አወለቁ፤ በጥንቃቄ አጣጥፈው ሰጧት፣ አቅፈውም ሳሟት። ካረን ግራ ገብቷት ቆመች። ስለሺ መኪናው ውስጥ ገብቶ ሞተሩን ካስነሣ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ጠፋው። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ምንኛ በወደደ! ከሰዓት በኋላ እማማ ጌጥነሽ ቤት ሊደውል ስልኩን አነሣ፤ አስቀመጠ። ሰኞ ደብዳቤው ሲደርስ ሁሉም እንደሚወጣ ያውቃል። ቢሆንም ሰኞ ገና ነው እያለ ራሱን ሸነገለ፤ በዚህም አፈረ።

እሑድ ቸርች ሄደ፤ ሊቀር አይችልማ። እዚያ ቸርች ውስጥ የተለመደ ነገር አለ። አሜሪካ የተወለዱት ልጆች አማርኛው ስለማይገባቸው ፊት ለፊት ባሉት ወንበሮች ይቀመጣሉ፤ መድረክ ላይ ለሚናገረው ሁሉ አስተርጓሚ አጠገቡ ቆሞ በሌላ ማይክ በእንግሊዝኛ ይደግምላቸዋል። አስተርጓሚው «እኔ» ሲል እኔነቱ የራሱ አይደለም፤ የተናጋሪው ነው። ሰባኪው «ኃጢአተኛ ነበርኩ» ካለ አስተርጓሚውም «ኃጢአተኛ ነበርኩ» ይላል፤ ልጆቹ ኃጢአተኛው ማን እንደሆነ ያውቃሉ። አስተርጓሚው ስለሺ ነው።

የምስክርነት ሰዓት ደረሰ። መጀመሪያ የተነሡት እማማ ጌጥነሽ ናቸው። ስለሺ ሁለተኛውን ማይክ ይዞ አጠገባቸው ቆመ። ፊተኛው ወንበር ላይ የልጅ ልጃቸው ሩቲ ተቀምጣለች። ሃይስኩል ልትጨርስ አንድ ዓመት የቀራት፣ አማርኛ ስትሰማ ትንሽ ትንሽ የሚገባት፣ ስትናገር ግን በእንግሊዝኛ የምትሞላው ልጅ ናት።

«ጌታ ይባረክ!» አሉ እማማ ጌጥነሽ።

«አሜን!» አለ ሕዝቡ። ስለሺም ተረጎመ።

«እኔ ያልተማርኩ አሮጊት ነኝ። ግን በዚህ ዕድሜዬ፣ በሰው አገር፣ ጌታ ሥራ ሰጠኝ። ትናንት የከተማው ትልልቅ ሰዎች እቤቴ ድረስ መጥተው አመሰገኑኝ።»

«ሃሌ ሉያ!» እልልታው ቀለጠ። ስለሺ ይህንንም ተረጎመ፤ ድምፁ እየሰለለ ነው።

«ይህ ሁሉ የሆነው በስለሺ ነው። ከሴትዮዋ አፍ ተቀብሎ አንዲት ቃል ሳያጎድል ባይነግረን ኖሮ እኛ ምን እናውቅ ነበር? ዘይቱን ባሕር ውስጥ እንደፋ ነበር። ስለሺ ባይኖር ምን ይውጠን ነበር?»

ስለሺ ማይኩን ወደ አፉ አስጠጋ። ቃሉ አልወጣም። ሁልጊዜ ሊሰማው የሚሯሯጥለት ቃል፣ አሁን በገዛ አፉ በእንግሊዝኛ ሊደግመው ነው። አልቻለም። ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣለት፤ የፈሪ ሐሳብ ነው፣ ግን ለእሱ እንደ ጀግንነት ታየው። ለልጆቹ እናገራለሁ አለ በልቡ። በእንግሊዝኛ። ትልልቆቹ አይሰሙትም፤ እኔ ግን ተናገርኩ ማለት ነው።

«እዚያ ጉድጓድ ውስጥ እንዲደፋ ያደረግኩት እኔ ነኝ» አለ በእንግሊዝኛ። «ቃሉ አልገባኝም ነበር። ዓሣዎቹ የሞቱት በእኔ ምክንያት ነው። ትናንት ደግሞ ለተቆጣጣሪው ዋሸሁ።»

ተናግሮ ሲጨርስ ቀለል ሊለው ይገባ ነበር። ግን ልጆቹን ሲያያቸው አንዳቸውም እሱን አያዩም። ሁሉም አፋቸውን ከፍተው የሚያዩት እማማ ጌጥነሽን ነው። ሩቲ ፊቷ ደም መስሏል፤ አያቷን በሰው ፊት እንዲህ ሲናዘዙ የሰማች መስሏት አንገቷን ደፋች። «ኦ ማይ ጋድ፣ እማማ» የሚለው ሹክሹክታዋ እስከ መድረኩ ተሰማ።

ስለሺ ምን እንዳደረገ ያን ጊዜ ገባው። «እኔ» ብሏል፤ አስተርጓሚ ሲሆን ደግሞ እኔ ማለት እሳቸው ናቸው። ለሁለተኛ ጊዜ ጥፋቱን አንሥቶ አሮጊቷ ራስ ላይ ደፋው፤ ያውም በገዛ ቸርቻቸው፣ በልጅ ልጃቸው ፊት።

«አይ፣ እሳቸው አይደሉም!» አለ በእንግሊዝኛ፣ እየተንተባተበ። «ስለሺ ነው። ስለሺ!»

እንግሊዝኛ የማይገባቸው ትልልቅ ሰዎች ስሙን ሰሙ። የተመሰገነበት ቦታ ላይ የደረሰ መሰላቸውና «አሜን! ተባረክ!» እያሉ አጨበጨቡ። እማማ ጌጥነሽም ፈገግ ብለው፣ «አይ እሱ! ስሙን ሲጠራ እንኳ እንዴት እንደሚፈራ እዩት!» አሉና ትከሻውን አቀፉት። ስለሺ በዚያ ጭብጨባ መሃል ቆሞ ሞትን ተመኘ፤ ስድብ ቢሆን ይሻለው ነበር።

ሩቲ ብድግ አለች። «ኖ! ስቶፕ! አታጨብጭቡ!» አለች፤ አማርኛዋን ከየት እንደምታመጣው ቸግሯት እጇን ታወናጭፋለች። «እማማ፣ ሂ ላይድ! እሱ… ዋሽቷል! ስለ አንቺ ነው የዋሸው!»

ጭብጨባው ቀስ እያለ ጠፋ። እማማ ጌጥነሽ ክንዳቸውን ከስለሺ ትከሻ አወረዱ። «ምንድን ነው የምትለው ይቺ ልጅ?» አሉት። «አንተስ ምን ብለህ ነው የተረጎምክላቸው?»

ስለሺ ማይኩን ዝቅ አደረገ። ከዚያ በኋላ መሸሻ የለም። «እማማ» አለ በአማርኛ፣ «እዚያ ፍርግርግ ብረት ውስጥ የሚደፋው ማጣሪያ ውስጥ አይገባም። ክሪኩ ውስጥ ነው የሚገባው፣ በቀጥታ። ሴትዮዋ አትድፉ ነበር ያለችው፤ ድፉ ያልኳችሁ እኔ ነኝ። ትናንት የመጡት ሊያመሰግኑዎት አልነበረም። እኔ ነኝ ያልኩ እንደሆን ስሜ ይጠፋል ብዬ፣ ‹እሳቸው ስላልገባቸው ነው› አልኳቸው። አዲስ ሰደርያም የለም።»

እማማ ጌጥነሽ እጃቸውን አዩት፣ መዳፋቸውን ገልብጠው። «እኔ ነኛ በባልዲ የተሸከምኩት» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሁሉ። «እዚያ ቆሜ ያስደፋኋቸው እኔ ነኝ። ዓሣዎቹን አይቼ ሳለቅስ… እኔው ነኝ።» ነጠላቸውን ሳብ አድርገው አፋቸውን ያዙ። ሩቲ መድረኩ ላይ ወጥታ ክንዳቸውን ደገፈቻቸው።

እማማ ጌጥነሽ ቀና አሉ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ኖሮ ለስለሺ ይቀለው ነበር።

«ያን ቀን እኔ የትኛው ነው ብዬ ስጠይቅህ፣ ሴትዮዋ እኮ አጠገብህ ነበረች» አሉት። «ምነው ዞር ብለህ ብትጠይቃት?»

«አፈርኩ፣ እማማ» አለ ስለሺ።

እማማ ጌጥነሽ በአገጫቸው ወደ ፊተኛው ወንበር አመለከቱት፤ ልጆቹ ምን እንደተባለ ሳይገባቸው ዓይናቸውን አፍጥጠው ይጠብቃሉ።

«ለእነሱም ተርጉምላቸዋ» አሉት።

ስለሺ ማይኩን አነሣ። «አፈርኩ» አለ በእንግሊዝኛ። በዚህ ጊዜ አንድም ልጅ ወደ እማማ ጌጥነሽ አልተመለከተም።